ስለ ሁለት የገጠር አብያተ ክርስቲያናት የሕንፃ ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዲቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ እኛ ያሰብነው ስለ ዓድዋ ጦርነት ለመጻፍ ነበር። ዳሩ ግን ሌሎች ጓደኞቻችን ቀድመውን ስለ ነበር ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ሆነብን። ከመካከላችን የመጀመሪያውን ትምህርት በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው ፈረንሳይኛ በመጠኑ እናነብባለንና፣ በመጻሕፍት ቤቱ ጥግ ማንም የማይነካቸውን አሮጌ የፈረንሳይኛ መጻሕፍት ስናገላብጥ የአንዲት ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ፎቶግራፍ አገኘን። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ አልደነቀንም። አጭርና ድፍን ናት፤ ከመካከሏ የተነሣው አራት ማዕዘን ግንብም የውኃ ማጠራቀሚያ ይመስላል። ገጹን ስንገልጥ ግን በውስጧ ያለውን ሥዕል አየንና ዝም አልን። ሥዕሉ የታቦተ ሕግ ሥዕል ነው። ሁለት ታላላቅ መላእክት ግራና ቀኝ ቆመውለታል፤ ሁለት ታናናሽ ኪሩቤልም በላዩ አሉ።

በአርሲ ደጋ ለምንኖር ሰዎች ይህ ሥዕል እንግዳ አይደለም። ሰማዩ በጠራ ቀን ከከፍታው ላይ ቁልቁል የሚታየው የዝዋይ ሐይቅ፣ ታቦተ ጽዮን በአንድ ዘመን ተሸሽጋበት ነበር እየተባለ የሚነገርለት ነውና። ስለዚህ የሁለቱን ነገር ጎን ለጎን ለመመርመር ወሰንን። አንባብያን እንዳይሳሳቱ፣ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

የፈረንሳዪቱ ቤተ ክርስቲያን ያለችበት መንደር ዤርሚኒ ዴ ፕሬ ይባላል፤ ትርጓሜውም «የመስኩ ዤርሚኒ» እንደ ማለት ነው። የሚገኘውም ከኦርሌያን ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ በሎዋር ወንዝ አጠገብ ነው። ያሠራት የኦርሌያን ጳጳስ የነበረው ቴዎዱልፍ ነው። እርሱም በትውልዱ ከእስፓኝ ወገን የመጣ ቪሲጎት ሲሆን፣ በንጉሠ ነገሥት ሻርለማኝ አደባባይ ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ ነበረ። ባለ ቅኔም ነበረ፤ በምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት በሆሣዕና ዕለት የሚዘመር አንድ የታወቀ መዝሙር የእርሱ ድርሰት እንደ ሆነ ይነገራል። በ806 ዓ. ም. የተባረከችው ይህች ቤተ ክርስቲያን ለሕዝብ የተሠራች አልነበረችም፤ ጳጳሱ በገጠር ከሚያርፍበት ቤት አጠገብ ለገዛ ጸሎቱ ያቆማት ነበረች።

አሠራርዋ እንዲህ ነው። መካከለኛው ክፍል ጎኑ ዐሥር ሜትር ያህል የሆነ አራት ማዕዘን ነው። በውስጡ አራት ወፍራም ዓምዶች ቆመው ያን የውኃ ማጠራቀሚያ ያልነውን ግንብ ይሸከማሉ፤ ብርሃኑም በግንቡ መስኮቶች በኩል ከላይ ይወርዳል። በአራቱም አቅጣጫ ግማሽ ክብ የሆነ ክፍል ወጥቶለት ነበር። ቅስቶቹ ከላይ ሰፍተው ከታች ጠበብ ስለሚሉ የፈረስ ኮቴ ይመስላሉ፤ እንዲህ ያለ ቅስት በቪሲጎቶች አገር በእስፓኝ የተለመደ ነበር። በምዕራብ አውሮፓ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት እንደ አዳራሽ ረዘም ብለው ሲሠሩ፣ ይህች ግን ዙሪያዋን ወደ መካከሏ የሰበሰበች ናት። ስለዚህ የሕንፃ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ከቢዛንጥያ፣ አንዳንዶቹም ከአርመን አብያተ ክርስቲያናት ጋር ያመሳስሏታል። እኛ ደግሞ በበኩላችን ከአገራችን ክብ ቤተ ክርስቲያን ጋር አመሳሰልናት፤ በዚያም ቢሆን አራት ማዕዘን የሆነ መቅደስ በመካከል ቆሞ ሌላው ሁሉ ይከብበዋልና። በእርግጥ ይህ የተማሪ አስተያየት እንጂ የሊቃውንት ቃል አይደለም።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንመለስ። በምሥራቁ ግማሽ ክብ ጣራ ላይ ያለው ይህ ሥዕል በብሩሽ የተቀባ ሳይሆን ጥቃቅን የመስታወት ጠጠሮች አንድ በአንድ ተለብጠው የተሠራ ነው፤ ፈረንጆች ሞዛይክ የሚሉት ነው። በእንዲህ ያለው ስፍራ ጌታን ወይም እመቤታችንን መሣል የተለመደ ሆኖ ሳለ ቴዎዱልፍ ታቦትን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በ787 ዓ. ም. በኒቅያ የተሰበሰበው ጉባኤ ለቅዱሳት ሥዕላት ክብር እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። በሻርለማኝ አደባባይ የነበሩት ሊቃውንት ግን ይህን ውሳኔ ተቃወሙ፤ የተቃውሞውን መጽሐፍ ያዘጋጀው ቴዎዱልፍ እንደ ሆነ ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ። የሰው እጅ በገዛ ፈቃዱ የሠራው ሥዕል ሊሰገድለት አይገባም፤ ታቦቱና ኪሩቤሉ ግን እግዚአብሔር ራሱ ለሙሴ ባዘዘው መሠረት የተሠሩ ናቸው የሚል ነበር አስተሳሰቡ። ከሥዕሉ በታች የተጻፈው የላቲን ጽሑፍም ተመልካቹ ታቦቱን አይቶ በጸሎቱ ቴዎዱልፍን እንዲያስበው ይለምናል።

ልመናው ሳያስፈልገው አልቀረም። ሻርለማኝ ከሞተ በኋላ በልጁ በሉዊ ዘመን ቴዎዱልፍ በሤራ ተከሶ በ818 ዓ. ም. ከሹመቱ ተሻረና ተጋዘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሞተ። በዚያው በ9ኛው መቶ ዓመት ኖርማኖች በሎዋር ወንዝ እየወጡ አገሩን ሲዘርፉ ያረፈበት ቤት ተቃጠለ፤ ጸሎት ቤቷም ተጎዳች። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰዎች ሰበካቸው አደረጓት። ለአንድ ጳጳስ የተሠራች ለመንደሩ ሕዝብ አልበቃ ስላለች የምዕራቡን ግማሽ ክብ አፍርሰው ረጅም አዳራሽ ቀጠሉላት። ሥዕሉም በኖራ ተለቀለቀ፤ ተረሳም። በ19ኛው መቶ ዓመት የመንደሩ ሕፃናት በባለ ቀለም የመስታወት ጠጠር ሲጫወቱ ታይተው፣ ጠጠሩ ከወዴት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ የሥዕሉ ነገር እንደ ተገለጠ ይነገራል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። በ1840 ዓ. ም. የፈረንሳይ መንግሥት ከታሪካዊ ቅርሶቹ ቍጥር አስገባት፤ ከ1867 እስከ 1876 ዓ. ም. ደግሞ ዡስት ሊሽ የተባለ የሕንፃ ባለሙያ እንዲያድሳት ታዘዘ። እርሱም አብዛኛውን ግድግዳ አፍርሶ እንደ ገና ገነባው። የጥንቱ የግድግዳ ጌጥ ከቦታው ተነሣ፤ ከፊሉም ዛሬ በኦርሌያን ሙዚየም ይገኛል። ስለዚህ አሁን ተጓዥ ሄዶ የሚያያት ቤተ ክርስቲያን በመልኳ የ9ኛው፣ በድንጋይዋ ግን ይበልጡን የ19ኛው መቶ ዓመት ናት። በጥንታዊነት የቀረው ዋናው ነገር የምሥራቁ ክፍል ከነሥዕሉ ነው። በሊሽ ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም፤ ግድግዳው ሊወድቅ ደርሶ ቢሆንስ? ነገር ግን ቤትን ከመውደቅ ለማዳን ቤቱን ማፍረስ እንግዳ ሕክምና ሆኖ ታየን። ይህን ቃል ስንጽፍ በገዛ አገራችን ምን እንደሚጠብቀን አላወቅንም ነበር።

የዝዋይ ሐይቅ፣ በኦሮምኛ ሐረ ደንበል የሚባለው፣ ከአርሲ ተራሮች የሚወርደውን የከታርን ወንዝ ይቀበላል። በውስጡ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ይባላል፤ «ትልቁ ተራራ» ማለት ነው። በእርሱም ላይ ደብረ ጽዮን ማርያም ትገኛለች። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው በዮዲት ጉዲት ዘመን አክሱም ስትጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ እነዚህ ደሴቶች ሸሹ፤ ሰላም ከሆነ በኋላም ወደ አክሱም መለሷት። ዮዲት በ10ኛው መቶ ዓመት ነበረች የሚለውን ቍጥር ከያዝን፣ ይህ የሆነው ቴዎዱልፍ ሥዕሉን ካሠራ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በኋላ ነው። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ዛዮች ናቸው። ቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ ጋር ይቀራረባል፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ያርሳሉ፣ ሸማ ይሠራሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት ከኢማም አሕመድ ጦርነት በኋላ በየብስ የነበሩት የዚህ አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ሲጠፉ፣ ውኃ የከለላቸው ደሴቶች ግን ሃይማኖታቸውንና የብራና መጻሕፍታቸውን ይዘው ቈዩ።

ታዲያ የደብረ ጽዮን ሕንፃ ያን ያህል ዕድሜ አለውን? የለውም። የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በኮረብታው ላይ ይታያል፤ ዛሬ የሚቀደስበት ከዚያ በጣም ዘግይቶ የተሠራ ነው። ከዚህ ላይ ነው የሁለቱ አገሮች ልዩነት የታየን። በዤርሚኒ ያለው ታቦት ሥዕል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቅርሱ ግድግዳው ነው። ሥዕሉ ከወደቀ ሁሉም ወደቀ። በእኛ ዘንድ ግን ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኛት በመንበሩ ላይ ያለው ጽላት ነው። ጽላቱ ሕንፃው ሲያረጅ ወደ መቃኞ ይዛወራል፤ ቤቱ ይፈርሳል፣ አዲሱ ይሠራል፣ ጽላቱም በእልልታ ይመለሳል። የቦታው ዕድሜ አምስት መቶ ዓመት፣ የግድግዳው ዕድሜ ሃምሳ ዓመት ቢሆን የሚገርመው የለም።

ይህ ማለት የሕንፃ ታሪክ የለንም ማለት አይደለም። በአክሱም ዘመንና ከዚያም በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱ ረዘም ያሉ ባለ ማዕዘን ነበሩ። ድንጋይና ግንድ በመደዳ እየተነባበሩ፣ የመያዣው እንጨት ጫፍ ወደ ውጭ እንደ ዝንጀሮ ራስ ብቅ እያለ ይሠሩ ነበር። የዚህ ዓይነቱ አሠራር በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ እስከ ዛሬ ይታያል። የደብረ ዳሞው በ1948 ዓ. ም. ዴሪክ ማቲውስ በተባለ እንግሊዛዊ የሕንፃ ባለሙያ አማካይነት ተጠግኗል። ከ15ኛውና ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግን በገጠር የበዛው ክቡ ነው። በውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ በመካከል አራት ማዕዘኑ መቅደስ፤ በጣራው ጫፍ ላይ የሰጎን እንቍላል የተሰካበት ጉልላት። ለምን ክብ ሆነ ቢባል፣ ገበሬው ጎጆውን ክብ አድርጎ መሥራት ያውቅ ነበርና ለቤተ ክርስቲያንም ያንኑ ጥበብ አሳድጎ ሰጠ ማለት ይቻላል። ድንጋይ ጠራቢ መፈለግ የለበት፤ ጥዱና ወይራው በደጁ ነበረ።

ወደ አርሲ ደጋ ይህ ክብ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ወጣ? እዚህ ላይ ሐቁን መሸፈን አይገባም። ከ1882 ዓ. ም. ጀምሮ የዳግማዊ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ በአርሲ ላይ ዘመቱ፤ የአርሲ ሕዝብም ብርቱ ውጊያ ገጥሞ በመጨረሻ በ1886 ዓ. ም. በአዙሌ ድል ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጡት ወታደሮችና ሰፋሪዎች በየሠፈሩበት አብያተ ክርስቲያናትን ተከሉ። ስለዚህ ለአንዳንዶቻችን አያቶች ያ የሣር ጣራ የእምነታቸው ቤት ሲሆን፣ ለሌሎቻችን አያቶች መሬታቸውን የወሰደው ሰው የሚጸልይበት ቤት ነበረ። በአንድ ወንበር ላይ የምንቀመጥ ልጆች ይህን ሁለቱንም ሰምተን አድገናል። ይህንንም ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከመካከላችን ግማሾቹ እስላሞች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ በባሌ ያለውን የድሬ ሼህ ሑሴንን ነጫጭ ቁባዎች አይቶ የመጣ ስለ ሆነ፣ ስለ ኖራ ልቅለቃ ከሁላችን ይበልጥ ያውቅ የነበረው እርሱ ነው። በየገጠሩ የነበረው የሣር መስጊድም ወደ ቆርቆሮና ወደ ሲሚንቶ እየተለወጠ መሆኑን የነገረን እርሱ ነው።

እንግዲህ ከመጽሐፍ ያነበብነውን በዓይናችን ለማየት ብለን አንድ ቅዳሜ ከአሰላ ወጣ ብላ ወደምትገኝ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ነገሩ ገና በሰበካው ክርክር ላይ ስለ ሆነ ስሟን አንጠራም። እንደ ደረስን አንድ ታላቅ የሲሚንቶ ሕንፃ ጣራው ሊያልቅ ተቃርቦ አየን፤ በጎኑም አሮጌዋ ክብ ቤተ ክርስቲያን ጐንበስ ብላ ቆማለች። አዲሱ ሲባረክ አሮጌዋ እንድትፈርስ የሕንፃ አሠሪው ኮሚቴ አስቧል ተባልን። ዕድሜዋን ስንጠይቅ አንዱ መቶ ዓመት አለ፤ ሌላው ስድሳ አለ። ደብተራችንን አውጥተን ለመመርመር ተነሣን።

ዙሪያዋን በገመድ ብንለካ 53 ሜትር ሆነ፤ ለ3.14 ብናካፍለው ስፋቷ ወደ 17 ሜትር ገደማ መጣ። የገመዱን ጫፍ የያዘው በድሬ ሼህ ሑሴን የነበረው ጓደኛችን ነው። ቀጥሎ እንጨቱን ተመለከትን። የውጩ ግድግዳ ቋሚዎች ምርጊቱ በረገፈበት በኩል ባሕር ዛፍ ሆነው ተገኙ፤ ማገሩም በሚስማር የተመታ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1890ዎቹ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ያስመጡትም ሞንዶን ቪዳዬ የተባሉ ፈረንሳዊ እንደ ነበሩ ይነገራል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አርሲ ገጠር እስኪደርስ፣ አድጎም ቋሚ እስኪሆን ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ የውጩ ክብ የቅርብ ጊዜ ነው። ወደ ቅድስት ገብተን የመቅደሱን ግድግዳ በውጭ በኩል ስናይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ቋሚው ሁሉ በመጥረቢያ የተጠረበ ጥድ ነው፤ ሚስማር የለበትም፤ የታሰረው በጠፍር ነው። ጠፍሩ ከመድረቁ የተነሣ እንጨት መስሏል። እንግዲህ መቶ ያለውም ስድሳ ያለውም እውነቱን ኖሯል፤ አንዱ ስለ ውስጡ፣ ሌላው ስለ ውጭው ተናግረዋል።

ይህን ግኝታችንን በደስታ ለመሪጌታው ነገርናቸው። እርሳቸው ግን እንደ እኛ አልተገረሙም።

«ልጆቼ፣ ሣሩ ስንት ጊዜ የተለወጠ ይመስላችኋል?» አሉን። «ቆርቆሮው በሰው ትከሻ ሲመጣ እኔ ዲያቆን ነበርሁ። ያን ጊዜም የሣሩ ክዳን ሲወርድ ያለቀሱ ነበሩ።»

«የኔታ፣ ታዲያ ብትፈርስ አይቈጭዎትም?» ብለን ጠየቅናቸው።

ወደ ጣራው አመለከቱን። ዝናቡ በገባበት በኩል በሸራ ላይ የተሣለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግሮቹ ታጥበው ጠፍተዋል። ምስጥ ሁለት ዓምዶች በልቷል። በንግሥ ቀን እናቶች ውስጥ ቦታ አጥተው በዝናብ እንደሚቆሙም ነገሩን። ለዚህ ነገር ፈጥነን የምንመልሰው አላገኘንም።

በመልስ መንገድ በመኪናው ላይ ተከራከርን። ሙዚየም ትሁን ያሉ ነበሩ፤ ማን ይጠብቃታል፣ ጣራዋንስ በማን ገንዘብ ያድሳል ብሎ መምህራችን ሲጠይቅ ግን ዝም አሉ። ትፍረስ፣ ቤት ለሰው እንጂ ሰው ለቤት አልተፈጠረም ያሉም ነበሩ። ከእኛ የሚበዙት የተስማሙበት አሳብ ግን ይህ ነው፤ የውጩ የባሕር ዛፍ ክብ ይፍረስ፤ የጥዱ አራት ማዕዘን ግን ትንሽ ጣራ ተሠርቶለት በቦታው ይቅር። ሊሽ በዤርሚኒ ይህን ያህሉን እንኳ ምሥራቁን ትቶታል። ገንዘቡም ቢሆን ብዙ አይጠይቅም፤ ጥቂት ቆርቆሮና የአንድ አናጢ የሳምንት ሥራ ይበቃል ብለን ገምተናል። በግምታችን ብንሳሳት የሒሳብ መምህራችን ያርሙን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰን የሕንፃውን ንድፍ በትልቅ ወረቀት አነሣን። አንዱን ቅጂ ለቄሰ ገበዙ ሰጠን፤ እርሳቸውም ለኮሚቴው እንደሚያሳዩ ቃል ገቡልን። ሌላው በትምህርት ቤታችን መጻሕፍት ቤት ይቀመጣል። በንድፉ ላይ የቅኔ ማኅሌቱ ስፋት፣ የቅድስቱ ስፋት፣ የሦስቱ በሮች ወርድ፣ የእያንዳንዱ ቋሚ እንጨት ዓይነት በቍጥርና በቀለም ተለይቶ ተጽፏል። የመቅደሱ ውስጥ ግን ሊለካ ስለማይፈቀድ፣ በመካከል ያለውን አራት ማዕዘን ባዶ ትተነዋል።